ሙጫ የመሰከረለት ሰው፦ ከጉለሌ እስከ አንገር ጉቲን

ወለጋ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ ምን ልትሠሪ ሄድሽ ይለኛል። የቴምብር ሙጫ ለማየት ስላቸው ይስቃሉ። አንዱን ስመልስ ሌላው እየጠየቀኝ አፌ ስለደከመ፣ ጽፌው ልገላገል ብዬ ተነሳሁ። ወደዚያ አገር የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁ የጉለሌ ጎረቤቶቼ፣ አብራችሁኝ እንደተሳፈራችሁ ቁጠሩት።

ለማያውቀኝ ሰው፣ አስቴር እባላለሁ። ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ ከቀለምና ከወረቀት ጋር አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። የድሮ ቴምብር እሰበስባለሁ፤ እውነተኛውን ከአስመሳዩም እለያለሁ። በሌላው ነገር ሁሉ ትሑት ሴት ነኝ፤ በዚህ ግን አይደለሁም። ከእኔ በተሻለ የሚለይ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

የጉዞው ምክንያት ሌንሴ ናት። ማተሚያ ቤት አብራኝ የሠራች፣ እንደ ልጄ የማያት ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ኢዶሳ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር፣ ኋላም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ፣ በመስተዋት ፍሬም ውስጥ፣ የዱር እንስሳት ምስል ያለባቸው የድሮ የአገራችን ቴምብሮች ተሰቅለው ኖረዋል። ትምህርት ቤቱ አዲስ የንባብ አዳራሽ ሠርቶ በኦቦ ኢዶሳ ስም ሊሰይመው ወሰነና፣ ለምርቃቱ ቴምብሮቹን ከፍሬሙ አውጥቶ አዲስ አበባ ላለ አንድ ሰብሳቢ ላከ። ሰብሳቢው አይቶ "ዳግም ህትመት ናቸው" ብሎ መለሰ።

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ዳግም ህትመት ማለት በዋናው የማተሚያ ፕሌት፣ ግን ቆየት ብሎ የታተመ ማለት ነው። ሐሰተኛ የሚባለው ሌላ ሰው አስመስሎ የሠራው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቤቱ ልጅና በሌባ መካከል ያለው ያህል ነው። ያች ቃል ግን ነቀምቴ ስትደርስ "ፎርጅድ" ሆነች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "ኢዶሳ እውነተኞቹን ሸጦ በፎርጅድ ተካቸው" ሆነች። የአዳራሹ ስያሜ ቆመ። ኦቦ ኢዶሳ በቤተ ክርስቲያናቸው ከሽማግሌዎች ወንበር በገዛ ፈቃዳቸው ተነስተው ከኋላ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ሌንሴ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ንዴት ለእኔ ስንቅ ነው፤ በማግስቱ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ

ከመናኸሪያ በአባዱላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አምቦ ስንደርስ ምሳ በላን። እኛ ሰፈር ጥብስ ሲያዝዙ ቃሪያው ከሥጋው ይበዛል፤ አምቦ ሥጋው ቃሪያውን ደብቆታል። ጉደርን አልፈን ጌዶን ስንወጣ ጉም መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ዝግ አለ፤ እኔም ነጠላዬ ስላልበቃኝ አጠገቤ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ጋቢ ተጋራሁ። ማንነቱን የማላውቀው ሰው ነው፤ ጠይቄውም አይደለም፤ ዝም ብሎ ግማሹን አለበሰኝ። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ ክርን ለክርን ተነካክተን እንገላመጣለን።

ከጌዶ ወዲያ ፍተሻ ነበር። አንድ ወጣት ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ማጉያ መነጽር፣ መቆንጠጫ፣ ትንሽ ጠርሙስ ቤንዚን፣ በላዩ ነጠብጣብ የተደረደረበት የላስቲክ ማስመሪያ።

"እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?" አለኝ ማስመሪያውን አንስቶ።

"የጥርስ መለኪያ" አልኩት። እውነቴን ነው። የቴምብር ዳር ላይ ያለውን ሽንሽን እኛ ጥርስ እንለዋለን፤ ዋናና አስመሳይ ብዙ ጊዜ በጥርሳቸው ይለያያሉ።

"አሃ፣ ዶክተር ኖት!"

ላስረዳው አፌን ስከፍት ሾፌሩ ከፊት ሆኖ "አዎ፣ ሐኪም ናቸው፣ በሽተኛ ይጠብቃቸዋል፣ ልቀቀን" ብሎ ጮኸ። ፈታሹ ዕቃዬን በአክብሮት መለሰልኝና ቤንዚኑን ብቻ አስቀረው፤ "ይሄ እሳት ነው፣ ሲመለሱ ይወስዱታል" አለ። ቤንዚኗ የወረቀቱን የውስጥ ምልክት የምታሳየኝ መሣሪያዬ ነበረች፤ ግን አልተከራከርኩም። ከዚያ በኋላ እስከ ባኮ ድረስ የተሳፋሪ አፍ ስመለከት ነው የሄድኩት። የጋቢው ባለቤት ሳይቀር ከኋላ ያለ መንጋጋውን አሳየኝ። ሐኪም አይደለሁም ብላቸው ማንም አልሰማኝም፤ እንዲያውም ትሕትናዬን ወደዱት።

ሲሬ ከተማ መግቢያ ላይ ባሌስትራችን ተሰበረ። ዕቃው ነገ ከባኮ ይመጣል ተባለ። የገበያ ዋዜማ ስለሆነ አልጋ ቤቶቹ በነጋዴ ሞልተዋል። ሻንጣዬን ይዤ በአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ስቆም ባለቤቲቱ አዴ ዲንቂ ወጥታ እጄን ያዘችኝ። አዴ የሚሉት እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው።

"በጋ ነጋን ዱፍተን፣ በደህና መጡ! እዚህ ይቆማሉ እንዴ? ቤት አለ፣ ኮታ፣ ይግቡ!"

ስሜን እንኳ ሳትጠይቀኝ አልጋ አነጠፈችልኝ። እራት አንጮቴ ነበር። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤና በአይብ ይቀርባል። ድንች ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለተኛ ጉርሻ ላይ ድንችን ናቅሁት። በልቼ ስጨርስ አዴ ዲንቂ ወንበሯን አስጠግታ አፏን ከፈተች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሻይ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

"አዴ ዲንቂ፣ እኔ የማየው የቴምብር ጥርስ ነው" አልኳት።

"የማን?"

"የደብዳቤ ቴምብር። ወረቀት።"

ትንሽ አሰበችና "ከወረቀት የኔ ይበልጣል አይደል? እዩልኝ" አለች። በማጉያዬ አየሁላት፤ ጉንጯ አብጧል። በጨው ውኃ ተጉመጥመጪ፣ ነገ ክሊኒክ ሂጂ አልኳት። በደንብ የታከመች ያህል አመሰገነችኝ።

ረቡዕ

ባሌስትራው ተጠግኖ ረፋዱ ላይ ነቀምቴ ገባን። ኦቦ ኢዶሳ መናኸሪያው በር ላይ በካፊያ ዣንጥላ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ረጅም ሰው ናቸው፤ ኮት ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። ሰላምታችን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፦ አካም ጂርቱ፣ ቤተሰብ ደህና፣ መንገዱ፣ ዝናቡ፣ ሌንሴ፣ የሌንሴ ሥራ፣ እንደገና አካም ጂርቱ። አዲስ አበባ ይህን ያህል ሰላምታ አንድ ሙሉ ሰፈር ያዳርሳል።

ቤታቸው ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ምሳ አቅርበው ጠበቁኝ። ኦቦ ኢዶሳ ግን አንድ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ወሬ ለማስለወጥ ያህል ስንት ወንድምና እህት እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

"እህቶች አሉኝ። ወንድም አንድ ነበር፣ ታላቄ። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተው፤ አላየሁትም" አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "አዴ አስቴር፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ሌንሴ ልጄ ናት፣ አዝና ላከችዎ። እርስዎ ግን አዝነውልኝ እንዳይዋሹ። የሆነውን ይናገሩ።"

"ኦቦ ኢዶሳ፣ በቴምብር ዋሽቼ አላውቅም" አልኳቸው። እንዲያ ስል ግን አንጀቴን በሉት። ቀና ብሎ የኖረ ሰው ምግብ ፊት አንገቱን ሲደፋ ማየት ያማል።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ከተማው ወረድኩ፤ እሳቸው ትምህርት ቤቱ አካባቢ መታየት አልፈለጉም። ቴምብሮቹ የተቀመጡት የወላጆች ኮሚቴ አባል በሆኑት በአቶ ሸምሱ ሱቅ ነው። አቶ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከበዱ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከሚስማር እስከ ደብተር የማይሸጠው የለም። "ፎርጅድ" የምትለዋን ቃል ከተማው ውስጥ የለቀቁትም እሳቸው ናቸው።

"ወይዘሮ አስቴር፣ እኔ በግምት አልተናገርኩም፤ ፈትኜ ነው" አሉና ከጠረጴዛቸው ሥር የብር መፈተሻ መብራታቸውን አወጡ። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጥ፣ ነጋዴ ሁሉ ያለው ነው። "ትክክለኛ ብር እዚህ ሥር ሲገባ ያበራል። እነዚህ ድርግም! ምንም! ፎርጅድ ናቸው።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። "አቶ ሸምሱ፣ የድሮ ወረቀት በዚህ መብራት ሥር ማብራት የለበትም። ቢያበራ ነበር የምደነግጠው። በወረቀት ውስጥ የሚያበራ ማንጫ ኬሚካል የገባው በቅርብ ዘመን ነው። እርስዎ በመብራትዎ ያረጋገጡት አሮጌ መሆናቸውን ነው።"

መብራቱን አጥፍተው አዩኝ፤ አብርተው ደግሞ ቴምብሩን አዩ። አልተዋጠላቸውም።

ቁጭ ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ። ቀጭኔው፣ አውራሪሱ፣ ሰጎኗ፣ ዝሆኑ፣ ሁሉም አሉ። ጥርሳቸውን ለካሁ፤ ልክ ነው። መስመሮቹን በማጉያ አየሁ፤ ጥርት ያሉ፣ ከዋናው ፕሌት የወጡ ናቸው፤ አስመሳይ እጅ አልነካቸውም። ከዚያ ገለበጥኳቸው። የዋናው ህትመት ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው። የእነዚህ ግን ቡናማ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ በሰያፍ ተሰነጣጥቋል። የክረምት ጭቃ በጋ ላይ ደርቆ እንደሚሰነጠቀው። አዲስ አበባ ያለው ሰብሳቢ አልተሳሳተም፤ ዳግም ህትመት ናቸው።

ያ ግን ኦቦ ኢዶሳን አያድናቸውም። ጥያቄው እነዚህ ከመጀመሪያው ፍሬሙ ውስጥ የነበሩት ናቸው ወይስ በኋላ የተተኩ የሚለው ነው። እንደገና ሳያቸው በየቴምብሩ ጀርባ ሙጫው ቦታ ቦታውን ተገሽልጦ አየሁ።

"የጎደለው ሙጫ የት ሄደ?" አልኩ።

"ስናወጣቸው የኋላው ካርቶን ላይ ተጣብቀው አስቸግረውን ነበር" አሉ አቶ ሸምሱ። "የዚህ አገር እርጥበት መቼ ወረቀት ይምራል።"

"ካርቶኑስ?"

"ከነፍሬሙ ሰይድ ወሰደው። ሰይድ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር፤ ሥራ ለቆ አንገር ጉቲን ወደ እርሻው ሲመለስ ለልጁ የሠርግ ፎቶ ብሎ ለመነን፣ ሰጠነው።"

እዚያው ተነስቼ "ነገ አንገር ጉቲን እሄዳለሁ" አልኩ። አቶ ሸምሱም መብራታቸውን እየጠቀለሉ "እኔም እሄዳለሁ። በዓይኔ ሳላይ የማንንም ነገር አልቀበልም" አሉ። ይህን አባባላቸውን ወደድኩት። የሚከራከረኝ ሰው ከሚስማማኝ ይልቅ ለሥራዬ ይጠቅመኛል።

ሐሙስ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ፣ አቶ ሸምሱ ሸቀጥ በሚጭኑበት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስገቡኝ። ቴምብሮቹን በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ያዙ፤ እኔን አላመኑኝም። እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ አስፋልቱም ወደ ጠጠር፣ ጠጠሩም ወደ ጉድጓድ ተለወጠ። የጉለሌ መንገድ መጥፎ ነው እያልኩ ለወረዳ ስከራከር የኖርኩ ሴት፣ ጭንቅላቴ ሦስት ጊዜ ጣሪያ ከመታ በኋላ ዝም አልኩ።

የሰይድ ቤት ከማንጎ ዛፎች መካከል ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሰፍረው የመጡ ናቸው፤ እሱም ሚስቱ ዘሃራም እዚያው ቆላ ተወልደው ንግግራቸው ግን እስከ ዛሬ ወሎ ነው።

"አማን ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ! ይሄን ፀሐይ እንዴት ቻላችሁት እቴ" አለች ዘሃራ።

ፍሬሙ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል። ውስጡ በሠርግ ልብስ የምትስቅ ልጃቸው ናት። የመጣሁበትን ስነግራት የዘሃራ ፊት ተለወጠ። ልጂቱ አግብታ ሩቅ አገር ሄዳለች፤ ፎቶዋ ያ ብቻ ነው።

"ትቀደድብኛለች" አለች።

"ዘሃራ፣ ወረቀት ማውጣት የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው። ልጅሽን ከነሳቋ እመልስልሻለሁ" አልኳት። ትክ ብላ አይታኝ ራሷ አወረደችው።

ፍሬሙን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ሳስተኛው እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ጀርባው ዙሪያውን በወረቀት ተለጥፎ፣ በየማዕዘኑ የትምህርት ቤት ማኅተም ተረግጦበታል። በምላጭ የተቆረጠው የላይኛው ጎን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ እንደተለጠፉ ናቸው። ማኅተሙም ከወረቀቱ ወደ እንጨቱ አልፎ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ ተነስቶ እንደገና ቢለጠፍ ኖሮ ክቡ ይዛነፍ ነበር።

"ይህን ጎን ማን ቆረጠው?" አልኩ።

አቶ ሸምሱ ጎንበስ ብለው አዩ። "እኔ። ቴምብሮቹን ያወጣን ዕለት፣ በምላጭ። የማሸጊያ ወረቀት ነው ያልኩት። ማኅተሙን አላየሁትም ወላሂ።"

"እስቲ ያንብቡት።"

መነጽራቸውን አደረጉ። "ለ... ቀ... ምት። ለቀምት!" አሉና ቀና አሉ። "ይሄ የነቀምቴ የድሮ ስም ነው። አሁን ለቀምት የሚል ቡና ነጋዴ ብቻ ነው።"

ሰይድም አንገቱን አስግጎ አየ። "ይሄ ማኅተም እኔ ዘበኛ ስቀጠር ተሰባብሮ ሣጥን ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ በነቀምቴ ተቀይሮ ነበር። ኦቦ ኢዶሳ ደሞ ከኔ በኋላ ነው የመጡ።"

 ፎቶዋን በተቆረጠው ጎን በኩል ቀስ አድርጌ አውጥቼ ለዘሃራ ሰጠኋት። ካርቶኑን ተከትሎ አወጣሁት። የቴምብሮቹ ቦታ በየረድፉ ሳይነጣ ሳይጠቁር ቀርቷል፤ በዙሪያው ያለው ካርቶን ብርሃን መትቶት ጠይሟል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቡናማ ሙጫ ቀርቷል፣ በሰያፍ የተሰነጠቀ። ነጭ ሙጫ አንዲት ነጥብ የለም።

"ቀጭኔውን ይስጡኝ" አልኳቸው። አቶ ሸምሱ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በመቆንጠጫዬ አቀበሉኝ። የቀጭኔውን ጀርባ ከቦታው አጠገብ አስቀመጥኩና ማጉያውን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ቴምብሩ ላይ የተቋረጠው ስንጥቅ ካርቶኑ ላይ ይቀጥላል፤ እንደተቆረሰ ዳቦ ሁለት ግማሽ። አውራሪሱንም አዩ። ሰጎኗንም። ሁሉንም እስኪያዩ ድረስ ማጉያውን አልመለሱልኝም።

"ስለዚህ ማንም አልተካም" አሉ በመጨረሻ።

"ማንም አልተካም። ከዚህ ፍሬም የወጣ ዋና ቴምብር የለም፤ የታሸጉትም፣ የተገኙትም እነዚሁ ናቸው።"

አቶ ሸምሱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ጓደኛዬ ነበር እኮ" አሉ።  እኔም ያን ጊዜ ልወቅሳቸው ይገባኝ ነበር፤ ግን ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ያን ዕለት መንገዱ ስለመሸብን እዚያው አደርን። ዘሃራ ከልጇ ፎቶ በተረፈ እጇ ማንጎ እየላጠች አጎረሰችኝ። መርካቶ የምገዛው ማንጎ የዚህ የሩቅ ዘመድ እንኳ አይመስለኝም።

ዓርብ

ፎቶዋን በአዲስ ካርቶን አሽገን በዚያው አልጋ በላይ ሰቀልንላት፤ አቶ ሸምሱ ሌላ ፍሬም እልካለሁ ብለው ቃል ገብተው አሮጌውን ወሰድን። ነቀምቴ እንደደረስን ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ኮሚቴውን አስጠሩ። ከሰዓት በኋላ አዲሱ አዳራሽ ውስጥ ወላጆችና መምህራን ተሰበሰቡ። ኦቦ ኢዶሳ ከአዴ ጫልቱ ጋር ገብተው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ማኅተሙን አሳየሁ፣ ሙጫውን አሳየሁ፣ አቶ ሸምሱም ምላጩን የያዙት እሳቸው እንደነበሩ ተነስተው ተናገሩ። ርእሰ መምህሩ ኦቦ ገመቹ እኔ በአማርኛ የምለውን በኦሮምኛ ይመልሱልኛል። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ነገሩ አለቀ ብዬ ልቀመጥ ስል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

"ዱጋ ሞ ሶባ?"

"እውነት ናቸው ወይስ ውሸት እያሉ ነው" አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

"ሁለቱንም አይደሉም፤ ዳግም ህትመት ናቸው" አልኩ። ኦቦ ገመቹ ሊተረጉሙ ጀምረው ቆሙ፣ ደግመው ጀመሩ፣ ደግመው ቆሙ። አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። "እውነት ካልሆነ ያው ሶባ ነው" ሲል አንዱ ሰማሁ።  ማኅተሙንና ሙጫውን ምስክር ይዘው፣ ሰውየው በአንዲት ቃል እንደገና ሊሰምጡብኝ ነው። ስለ ፕሌት አስረዳሁ፤ እናቲቱ አንድ ናት፣ የሕትመቱ ጊዜ ነው የዘገየው፣ ፊታቸው አንድ ነው፣ ታላቆቹ ጠፍተው እነዚህ በቦታቸው መጡ አልኩ። ላብ አጠመቀኝ።

ከኋላ አዴ ጫልቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ቃል ተናገሩ።

"ኢዶሳዳ።"

 ከዚያ ጠያቂዋ እናት "ኤዬ፣ አዎ!" ብለው ጭናቸውን መቱ፤ ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"አዴ አስቴር፣" አሉኝ ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "‹ኢዶሳ ናቸው› ነው ያሉት። ኢዶ ማለት ቦታ ነው። ኢዶሳ፣ የእሱ ቦታ። ታላቁ ሞቶ በእሱ እግር ተተክቶ ለሚወለድ ልጅ የምናወጣው ስም ነው።"

እኛም ምትኩ እንላለን። የሰውየውን ስም ከሌንሴ አፍ ስሰማ ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን ትርጉሙን አልጠየቅሁም። ያችው እናት አሁን ወደ ኦቦ ኢዶሳ ዞረው በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፤ ኦቦ ገመቹ በጆሮዬ ተረጎሙልኝ። "ኢዶሳ ሶባ የሚሆነው ታላቁን ነኝ ቢል ነው። አንተ ብለህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አሉ ኦቦ ኢዶሳ።  አቶ ሸምሱ ሄደው ጎናቸው ተቀመጡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ደጋግመው። እኔ ያን ጊዜ ማልቀሴን አልደብቅም።

ቅዳሜ

ጠዋት አዴ ጫልቱ ጩኮ ጠቅልለው በሻንጣዬ ከተቱልኝ፤ ገብሱ የተቆላ፣ ቅቤው የበዛ፣ መንገድ የሚያደርስ ምግብ ነው። ኦቦ ኢዶሳ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ከዚያ ፍሬሙን ለመስቀል ወደ አዳራሹ አብረን ሄድን፤ አቶ ሸምሱ ሚስማርና መዶሻ ይዘው ቀድመውናል።

ኮሚቴው ስያሜውን ማታውን መልሶ አጽድቋል። ኦቦ ገመቹ በሩ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ነገ እናስጽፋለን ሲሉ፣ ኦቦ ኢዶሳ እጃቸውን አነሱ። "በሩ ይቆይ" አሉ።

ከቴምብሮቹ ሥር የሚለጠፍ ጽሑፍ እኔ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። በቆንጆ እጅ ጽሕፈቴ "ዳግም ህትመት" ብዬ ጽፌያለሁ፤ በኦሮምኛ ደግሞ ኦቦ ገመቹ ረጅም ዐረፍተ ነገር አዘጋጅተዋል፣ ካርዱ ላይ አልገባም ብሎ አስቸግሯቸዋል። ኦቦ ኢዶሳ ብዕሬን ተቀበሉኝ። ከአማርኛዬ ሥር በቁቤ ፊደል አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፤ የገዛ ስማቸውን። ከቀጭኔው በታች አስተካክለው ለጠፉት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አዩት።

"በታላቃቸው ቦታ ተቀመጡ እንጂ አልሰረቁም" አሉ።

ወደ መናኸሪያ ዣንጥላ ይዘው ሸኙኝ፤ ዝናብ አልነበረም። ነገ እሑድ የት እንደሚቀመጡ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ራሳቸው፣ አባዱላው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው "ነገ ከፊት ነኝ" አሉኝ።

ሲሬ ላይ አዴ ዲንቂ ጉንጯን አሳየችኝ፤ እብጠቱ ጎድሏል፣ ክሊኒክ ሄዳለች። ጌዶን ከመውጣታችን በፊት ፍተሻው ላይ ያው ወጣት ቆሟል። በመስኮቱ አየኝና ፊቱ በራ፤ ከመጠለያው ሮጦ ሄዶ ቤንዚኔን አምጥቶ ሰጠኝ።

"ዶክተር! በሽተኛው እንዴት ሆኑ?"

"ዳኑ" አልኩት።